ባለ ኮከቡ ቃል ባለቤት የለውም

ወሎ ላይ «ይህ ስም ከየት መጣ?» የሚለው ጥያቄ ድሮ የቡና ላይ ጨዋታ ነበር። ዛሬ የክስ ማመልከቻ ሆኗል። አንዱ «ቤተ አምሐራ» የሚለውን የጥንት ስም ይዞ ይመጣል፤ ሌላው «ወሎ የሚለው ስም ራሱ የማን እንደሆነ መርምሩ» ይላል፤ ሦስተኛው «ኮምቦልቻ በየትኛው ቋንቋ ነው?» ብሎ ያፋጥጣል። ችግሩ መጠየቁ አይደለም። ችግሩ ጠያቂው መልሱን አስቀድሞ በኪሱ ይዞ መምጣቱ ነው። ከቃሉ የሚፈልገው ታሪክ ሳይሆን የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው።

በደጉ ጊዜ ቢሆን እንዲህ ያለው ክርክር ተስቆበት ይታለፍ ነበር። ነገር ግን ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ ጦርነት ገብቶባቸው የከረሙ ከተሞች ናቸው። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ በከሚሴ አድርጎ አጣዬ ይደርሳል፤ በዚያ መስመር የደረሰው እልቂትና ቃጠሎም ገና ከሰው ልብ አልወጣም። «አገሩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነፍስ በሚያስከፍልበት ቦታ፣ የቃላትን ምንጭ እንደ ጥይት የሚያቀባብል ሰው ተጫዋች አይባልም።

ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ማየት ይሻላል። የቃል ምንጭ በእርግጥ እንዴት ይታወቃል? ከታወቀስ በኋላ ምን ያስፈርዳል? ለዚህ ትልቅ ስም አያስፈልግም። ሁሉም ሰው በቀን ሃያ ጊዜ የሚጠራት አንዲት ተራ ስም ትበቃለች፤ «ቤት»።

🔹 ሁለት ከተሞች፣ ሁለት ዓይነት ማስረጃ

መጀመሪያ የሁለቱን ከተሞች ስም እንይ። የደሴ ስም አወጣጥ በትውፊት የሚተረከው እንዲህ ነው። በ1875 ዓ.ም. መግቢያ ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1882 ማለት ነው፣ ጭራ ያለው ታላቅ ኮከብ ታየ። ኮከቡ በዓለም ዙሪያ የተመዘገበ፣ በቀን ብርሃን ሳይቀር የታየ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦታው ሰፍረው ሳሉ ይህን አይተው በበጎ ምልክትነት ተቀበሉትና ሥፍራውን «ደሴ» አሉት፤ «ደስታዬ» ለማለት ነው ይባላል።

ይህን ትውፊት በሰዋስው መመርመር ይቻላል። አማርኛ «ደስ» የሚለውን ብቻውን እንደ ስም አያቆመውም። «ደስ አለኝ»፣ «ደስ ይበልህ» ይባላል እንጂ «ደስህ» ወይም «ደሳችን» የሚል የለም። ስሙ «ደስታ» ነው፤ ወደ ራስ ሲጠጋም «ደስታዬ» ይሆናል። በሌላ በኩል «ደሴ» የታወቀ የወንድ መጠሪያ ነው፤ የቁልምጫ ስም ደግሞ ሰዋስውን በደንብ አስከባሪነት አይከተልም። ስለዚህ ትውፊቱ ከቋንቋው ጋር ሊታረቅ ይችላል። መለኪያው የድምፅ መመሳሰል ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን «ደሴት» የሚለው ቃልም ለውድድር ይቀርብ ነበር። ጦሳ ተራራ ሥር ያለችን ከተማ «ደሴት ነበረች» የሚል ሰው ቢመጣ፣ የሚጠየቀው «ድምፁ ይመሳሰላል ወይ?» ተብሎ አይደለም። «ከድምፁ ሌላ ምን ይዘሃል?» ተብሎ ነው።

ኮምቦልቻ የተሻለ ማስረጃ አላት። በኦሮምኛ ኮምቦልቻ የአንድ እሾሃማ ቁጥቋጦ ስም ነው፤ አማርኛ አጣጥ የሚለው። ምሥራቅ ሐረርጌ ውስጥም ሌላ ኮምቦልቻ አለ። ሁለቱ ቦታዎች እጅግ ይራራቃሉ፤ የሚያገናኛቸው ተክሉና ቋንቋው ነው። አንድ ስም በሁለት ሩቅ ቦታ በአንድ ቋንቋ ትርጉም ሲሰጥና ነገሩም መሬት ላይ ሲበቅል፣ ክሱ ምስክር አገኘ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ይለያል። አንዱ በትውፊት የተላለፈና ሊሆን የሚችል፣ ሌላው በንጽጽር የተደገፈ። በሰሞነኛው ክርክር ውስጥ የጠፋው ይህ ልዩነት ነው። ሁሉም በእኩል ድምፅ «የታወቀ ነው!» ይባላል።

🔹 ወረቀት ላይ ያለው ኮከብ

የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች ይህን ልዩነት የሚጠብቁበት ትንሽ ምልክት አላቸው። ተጽፎ ያልተገኘ፣ ነገር ግን ከልጆቹ ተነሥቶ በስሌት የተደረሰበትን ቃል ሲጽፉ ከፊቱ ኮከብ ያስቀምጣሉ፤ እንዲህ፦ *። ልማዱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያስፋፋው ጀርመናዊው አውጉስት ሽላይኸር ነው። እርሱ እ.ኤ.አ. በ1868 ማንም ጽፎት በማያውቅ ጥንታዊ ቋንቋ አንዲት አጭር ተረት እስከመጻፍ ደርሷል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ተረቷን ደጋግመው አርመዋታል። ኮከቡ የተደረገውም ለዚሁ ነው፤ «ይህ የእኛ ስሌት ነው፤ የተሻለ ማስረጃ ከመጣ ይታረማል» ማለት ነው።

«ቤት» ላይ ሲሠራ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ግዕዝ «ቤት» ይላል። ዐረብኛ «በይት»፣ ዕብራይስጥ «ባይት»፣ አራማይስጥ «ባይታ»፣ የጥንቱ ባቢሎን ቋንቋ «ቢቱ» ይላሉ። የሳባ ጽሑፎች አናባቢ ስለማይጽፉ «ብ-ይ-ት» ብለው በሦስት ፊደል ይቀርጹታል። ከእነዚህ ሁሉ ተነሥተው አጥኚዎች የጋራ እናታቸው *በይት ነበረች ይላሉ። ቃሉ የፊደልንም ስም ሰጥቷል። በግዕዝ የ«በ» የጥንት ስም «ቤት» ነው፤ በዕብራይስጥም እንዲሁ። ግሪኮች ከፊንቄ ሰዎች ተውሰው «ቤታ» አሉት፤ «አልፋቤት» የሚለው የዓለም ቃል ሁለተኛ እግሩ ይኸው ቤት ነው።

እዚህ ጋ የተለመደው ተከራካሪ «እኔስ ምን አልኩ? ድምፁ ይመሳሰላል እኮ!» ሊል ይችላል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። አጥኚው የሚፈልገው መመሳሰልን አይደለም፤ ሥርዓት ያለው መለያየትን ነው። ዐረብኛ «በይት» ባለበት ግዕዝ «ቤት» ካለ፣ ዐረብኛ «ለይል» ሲል ግዕዝ ምን ይላል? «ሌሊት»። ዐረብኛ «የውም» ሲል ግዕዝ «ዮም» ይላል። «አይ» ወደ «ኤ»፣ «አው» ወደ «ኦ» የሚሄድበት መንገድ አለ። ከመንገዱ የወጣ ሲገኝም አይደበቅም፤ «ዓይን» ድርብ ድምፁን እንደያዘ ቀርቷልና ለምን እንደቀረ ሌላ ምክንያት ይፈለግለታል። መመሳሰል ብቻ እንዴት እንደሚያታልል ለማየት የእንግሊዝኛውንና የፋርስኛውን «ባድ» ማየት ይበቃል። በሁለቱም «መጥፎ» ማለት ነው፤ ሁለቱ ቃላት ግን ዝምድና የላቸውም። ተገጣጠሙ፤ አበቃ።

ይህ ዕውቀት ከውጭ የመጣ ብቻም አይደለም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላታቸው ግዕዙን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስጥና ከዐረብኛ ጋር ጎን ለጎን እያቆሙ መርምረዋል። ዕድሜያቸውን የፈጀ ሥራ ነው። ዛሬ በሁለት መስመር «የቃሉ ትርጉም ይህ ነው» ብሎ የሚያውጅ ሰው፣ ከዚያ ትዕግሥት ቅንጣቱን ቢወስድ ግማሹ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

🔹 ዘመድ በመልኩ ሳይሆን በርባታው ይታወቃል

ቃል እንደ ዕቃ ከገበያ ሊገዛ ይችላል። «ቡና» ከሐበሻ ወደ ዓለም እንደሄደ፣ «ባቡር» ከዓለም ወደ ሐበሻ መጥቷል። ርባታ ግን በቀላሉ አይገዛም። ስም እንዴት ይዘረዘራል፣ ባለቤት ሲሆን ምን መድረሻ ይይዛል፣ ተሳቢ ሲሆን ምን ይለውጣል የሚለው ከእናት ጋር የሚወረስ ነገር ነው። ዝምድና የሚጣራው እዚህ ላይ ነው።

*በይት ሦስት መልክ ነበራት። ባለቤት ስትሆን *በይቱ፣ ተሳቢ ስትሆን *በይተ፣ አገናዛቢ ስትሆን *በይቲ። ማስረጃው ምንድን ነው? በሐሙራቢ ዘመን፣ ከዛሬ 3700 ዓመት ግድም በፊት፣ ባቢሎናውያን በሸክላ ላይ «ቢቱም፣ ቢታም፣ ቢቲም» ብለው ይጽፉ ነበር። የቁርኣን ዐረብኛ ደግሞ «በይቱ፣ በይተ፣ በይቲ» ይላል። በመካከላቸው ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ አለ። ሦስት መድረሻ፣ በአንድ ቅደም ተከተል፣ ለአንድ ሥራ፤ ይህ በአጋጣሚ አይሆንም።

ግዕዝ ከሦስቱ ሁለቱን ጣለ፤ «ኡ» እና «ኢ» ደክመው ጠፉ። «አ» ግን ቀረች። «ሐነጸ ቤተ» ማለት «ቤት ሠራ» ነው፤ «ቤት» ተሳቢ ሲሆን «ቤተ» የሆነው በዚያች ጥንታዊ መድረሻ ምክንያት ነው። አንዱን ስም ከሌላው ጋር ለማናበብም ግዕዝ ይህንኑ መልክ ይጠቀማል፤ «ቤተ ንጉሥ»፣ «ቤተ ክርስቲያን»። ማናበቢያዋ «አ» ከተሳቢዋ «አ» ጋር አንድ ምንጭ አላት ወይስ የላትም የሚለው በአጥኚዎች ዘንድ አሁንም ያከራክራል። ኮከብ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለው ቦታ ነው።

ደቡብ ወሎ ውስጥ ይህን ለማየት መዝገብ መግለጥ አያስፈልግም። ሐይቅ እስጢፋኖስ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ጊዜ ጀምሮ ስመ ጥር የግዕዝ ትምህርት ማዕከል ነው። ጀማ ንጉሥ ደግሞ ስመ ጥር የእስልምና ትምህርትና የመንዙማ ማዕከል ነው። በአንደኛው ደጅ «ቤተ መቅደስ» ይባላል። በሌላኛው ደጅ ኢየሩሳሌም ስትጠራ «በይቱል መቅዲስ» ትባላለች። ሁለቱን ቃላት አስጠግቶ ላየ፣ የመጀመሪያው ቃል ያው *በይት ነው፤ ሁለተኛው ቃል ደግሞ ሁለቱም ጋ ያው «ቀደሰ» ከሚለው ሥር የወጣ ነው። ልዩነቱ መድረሻቸው ላይ ነው፤ ዐረብኛው «በይቱ» ሲል የጥንቷን የባለቤት «ኡ» ይዞ ቀርቷል፤ ግዕዙ «ቤተ» ሲል «አ»ን ይዞ ቀርቷል። ከአንድ ድስት የወጡ ሁለት ማንኪያዎች ናቸው። ሁለቱም ደጆች ያሉት አንድ ዞን ውስጥ ነው።

🔹 በደሴ መንገድ ላይ ያሉት ታፔላዎች

ከግዕዝ ወደ አማርኛ ሲመጣ ሌላ ነገር ሆነ። አማርኛ «አ»ንም ጣላት። ለተሳቢ «ን» የምትባል አዲስ ምልክት አበጀ፤ «ቤቱን ሸጠ» ይባላል። «አብያት» የሚለውን የግዕዝ ብዜት ትቶ «ቤቶች» አለ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አሰላለፉን መገልበጡ ነው። ግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ሲል አማርኛ «የንጉሥ ቤት» ይላል። ቤቱ ከፊት ወደ ኋላ ሄደ።

ይህ ለውጥ የደሴ ፒያሳ ታፔላዎች ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። «ሻይ ቤት»፣ «መድኃኒት ቤት»፣ «ምግብ ቤት»፣ «ፍርድ ቤት» ሲሉ ቤት ከኋላ ነው፤ ይህ የአማርኛ ሥርዓት ነው። «ቤተ መጻሕፍት»፣ «ቤተ ክርስቲያን» ሲሉ ቤት ከፊት ነው፤ ይህ ግዕዝ ነው። አንድ ሰው ከሻይ ቤት ተነሥቶ ቤተ መጻሕፍት ሲገባ በእግሩ የሚሄደው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ በሰዋስው ግን ብዙ መቶ ዓመት ተሻግሯል። «ቤተሰብ» የሚለው ቃል ደግሞ ግዕዙን ሙሉ ለሙሉ ደብቆ ይዞታል። «ቤተ» እና «ሰብእ» ነው፤ የቤት ሰው። አማርኛ ብቻውን ሲሆን «ሰው» የሚለው ያው «ሰብእ» እዚያ ውስጥ «ሰብ» ሆኖ በጥንት ልብሱ ተቀምጧል።

አሰላለፉን ማን ገለበጠው? ብዙ ተመራማሪዎች አማርኛ ከኩሽ ቋንቋዎች፣ በተለይ ከአገው ጋር አብሮ በመኖሩ ነው ይላሉ። የአገው ቋንቋዎች ባለንብረቱን አስቀድመው ንብረቱን ያስከትላሉ። አማርኛ የሚናገረው ሰው ቁጥር የበዛው ሌላ ቋንቋ ይናገሩ የነበሩ ሰዎች ወደ አማርኛ ሲገቡ ነው፤ ሲገቡም ቃሉን ተቀብለው አደራደሩን ከቤታቸው ይዘው መጡ። እንዲህ ከሆነ «ሻይ ቤት» የሚለው ተራ ታፔላ ላይ ቤቱ የሴም ነው፣ አደራደሩ የኩሽ ነው፣ ሻዩ ደግሞ ከቻይና ነው።

ሌላም አስገራሚ ነገር አለ። ኦሮምኛ የኩሽ ቋንቋ ቢሆንም በዚህ ረገድ ከአገው ይለያል፤ ባለንብረቱን ያስከትላል። ትምህርት ቤትን «መነ ባሩምሳ» ይላል፤ «መነ» ቤት ነው፣ «ባሩምሳ» ትምህርት። ቃል በቃል «ቤተ ትምህርት» እንደማለት ነው። እንግዲህ በዚህ በአንዱ ነገር ኦሮምኛ ከአማርኛ ይልቅ ለግዕዝ ይቀርባል! ይህ «ኦሮምኛ ከግዕዝ ተወለደ» ማለት አይደለም፤ ዓለም ላይ ያለው አሰላለፍ ሁለት ብቻ ስለሆነ ሊገጣጠም ይችላል። ነገር ግን «የእኛ ቋንቋ ንጹሕ፣ የእነርሱ ባዕድ» የሚለውን ትምክህት ከሥሩ ይነቀንቀዋል።

🔹 «ቤተ» እና «ወረ»

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። «ቤተ አምሐራ» በእርግጥ ጥንታዊ የአገር ስም ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድን ዘመቻ በዐረብኛ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ ሳይቀር «ቤት አምሐራ» ብሎ ይጠራዋል፤ ዛሬ ደቡብ ወሎ የሚባለው አካባቢ አብዛኛው በዚያ ስም ሥር ነበር። «ወሎ» ደግሞ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን በኋላ በአካባቢው የሠፈረ የኦሮሞ ጎሳ ስም ነው። ሁለቱም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም፤ በተለያየ ዘመን የተጻፉ ሁለት ገጾች ናቸው።

ገጾቹ ደግሞ ከሚባለው በላይ ይመሳሰላሉ። የደቡብ ወሎን የወረዳና የጥንት ግዛት ስሞች ብንመለከት ወረባቦ፣ ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ እያሉ ይቀጥላሉ። በኦሮምኛ «ወረ» ማለት ቤተሰብ፣ የአንድ ቤት ሰዎች ማለት ነው። ስለዚህ «ወረ ሂመኖ» የሂመኖ ቤት ነው፤ «ቤተ አምሐራ» የአምሐራ ቤት ነው። ሁለት የተለያዩ ቋንቋዎች፣ በተለያየ ዘመን፣ አንድን መሬት ሲሰይሙ አንድ ሐሳብ ተጠቀሙ፤ ቤትን አስቀድመው የቤቱን ሰው አስከተሉ። ተጣሉ የሚባሉት ሁለቱ ስሞች የሚናገሩት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «እዚህ ቤት አለ፤ ሰው አለበት»።

የወረ ሂመኖ ገዢዎች በታሪክ የሚጠሩበት ስምም ይመርመር፤ «ማመዶች» ይባላሉ። መነሻው «ሙሐመድ» የሚለው የዐረብኛ ስም ነው። ግዛቱ በኦሮምኛ የተሰየመ ነው። የብዜት ምልክቱ «ኦች» ደግሞ የአማርኛ ነው። የኦሮሞ ሥር ያለው፣ እስላም የሆነ፣ በአማርኛ ሰዋስው የሚበዛ ቤት! ይህን ስም በአንድ ብሔር መዝገብ ውስጥ ለማስገባት የሚሞክር ሰው መጀመሪያ ስሙን ሦስት ቦታ መቁረጥ አለበት። ሲቆርጠው ደግሞ ማመዶች የሚባል ቤት አይኖርም።

🔹 ጎረቤት ያልጠቀመው ዝምድና

ይህ የወሎ ብቻ ጉዳይ አይደለም። ስላቮች የሚባሉት ሕዝቦች የጋራ እናት ቋንቋቸው ተጽፎ አልተገኘም፤ «ቤት» የሚለው ቃሏ ግን ኮከብ ተደርጎለት *ዶሙ ተብሎ በስሌት ታውቋል፤ መጨረሻ ያለችው «ኡ» በጣም አጭር ድምፅ ነበረች። ሩሲያኛ «ዶም» ይላል፣ ፖላንድኛ «ዶም»፣ ዩክሬንኛ «ዲም»። ዩክሬንኛው ለምን «ኢ» አለ? መልሱ ርባታው ውስጥ ነው። አገናዛቢ ሲሆን «ዶሙ» ይላል፤ «ኦ» ተመልሳ ትመጣለች። አጭሯ መድረሻ ስትጠፋ ቀለሙ ተዘጋ፣ በተዘጋው ቀለም ውስጥም «ኦ» ወደ «ኢ» ተለወጠች። መድረሻ ባለበት ግን አሮጌው ድምፅ ተረፈ። ግዕዝ ውስጥ «ቤተ» ላይ የተረፈችው «አ» የምትነግረውን ዓይነት ታሪክ ነው።

እንግዲህ «ዶም» እና «ዲም» አንድ ቃል ናቸው። ይህ ግን ምን ጠቀመ? ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያ ሰፊ ጦርነት ላይ «ዶም» የሚለው ሠራዊት «ዲም» የሚለውን ሰው ቤት በመድፍ ሲያፈርስ ቆይቷል። የጋራ ሥር መኖሩ «አንድ ሕዝብ ስለሆንን አገርህ አገሬ ነው» ለሚል ክርክር መነሻ ሲደረግም ተሰምቷል። ትምህርቱ ከባድ ነው። የቃል ዝምድና ሰላምን አያረጋግጥም፤ ወረራንም አያጸድቅም። ቃል የሚመሰክረው ሰዎች አንድ ጊዜ እንደተገናኙ ብቻ ነው። ሲገናኙ ምን ማድረግ እንዳለባቸው አይናገርም።

🔹 «ታዲያ ታሪክ አይናገር?»

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ስም ማስረጃ ካልሆነ፣ ከአገሩ የተገፋ ሰው በምን ይሟገታል? ስሙ የተቀየረበት ሰው «እዚህ ነበርኩ» የሚለው በምን ነው? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ስም በእርግጥ የመኖር ምስክር ነው። «ቤተ አምሐራ» አማሮች ከጥንት እዚያ እንደነበሩ ይመሰክራል። «ኮምቦልቻ» ኦሮምኛ ተናጋሪ ቦታውን እንደሰየመ ይመሰክራል። ማንም ይህን ምስክርነት መፋቅ የለበትም፤ የቦታ ስምን በፊርማ የሚቀይር ባለሥልጣንም ምስክር እንዳጠፋ ሊቆጠር ይገባል።

ነገር ግን ምስክርና ፍርድ ይለያያሉ። «ነበርኩ» የሚለው «አንተ አልነበርክም» አይደለም፤ «ቀድሜ ነበርኩ» የሚለውም «አንተ ውጣ» አይደለም። ቅድሚያ ያስወርሳል ከተባለማ ወደ ኋላ መሄዱ ማብቂያ የለውም። ከአማርኛ በፊት አገው ይመጣል፤ ከአገው በፊት ስሙን እንኳ ያልተወልን ሌላ ሰው ይመጣል። ኮከብ እንኳ የማይደረስበት ሰው ነው። በዚያ ሕግ ቢፈረድ ዛሬ ደሴ ላይ ሻይ የሚጠጣ አንድም ሰው ይዞታው አይጸናለትም።

🔹 ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ የቃል ምንጭ የሚጽፉ ሁሉ ኮከብ መጠቀም ይልመዱ። «ይባላል»፣ «ይመስላል»፣ «ተጽፎ ተገኝቷል» የሚሉት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንባቢም «ከድምፁ ሌላ ምን አለህ? ርባታው ይገጥማል ወይ? ሌላ ቦታ ይገኛል ወይ?» ብሎ ይጠይቅ። ይህን የማይመልስ ጽሑፍ ለሌላ ሰው መላክ የለበትም።

ሁለተኛ፣ ምስክሮቹ ሳያልፉ ይመዝገቡ። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ፣ በከሚሴ አቅጣጫ ሾንኬና ጦላሃ የሚባሉ መንደሮች አሉ። እዚያ የሚነገረው አርጎብኛ የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ አማርኛ ከጣላቸው የጉሮሮ ድምፆች አንዳንዶቹን አቆይቷል። ሌላ ቦታ ያሉ አርጎባዎች ብዙዎቹ ወደ አማርኛና ወደ ኦሮምኛ ዞረዋል። ስለ ቃላት ምንጭ ሌሊቱን ሙሉ የሚከራከር አገር፣ ሕያው ምስክሩ ከጎኑ እየደከመ ሲሄድ ዝም ማለቱ ያሳፍራል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ነው ያለው፤ ተማሪና መቅረጫ ይዞ ለመውጣት ሩቅ አይደለም። የአንዲት አዛውንት እናት የአንድ ቀን ጨዋታ፣ በስልክ ከሚሰራጨው የአንድ ዓመት ክርክር ይበልጣል።

ሦስተኛ፣ ትምህርት ቤቶች ልጆችን ርባታ ሲያስተምሩ በዚህ መንገድ ያስተምሩ። «ቤተ መቅደስ» እና «በይቱል መቅዲስ»ን ጎን ለጎን ጽፎ ማሳየት፣ «ቤተ» እና «ወረ»ን ማነጻጸር፣ «ትምህርት ቤት» እና «መነ ባሩምሳ»ን ማስተያየት ተጨማሪ በጀት አይጠይቅም። ይህን በ12 ዓመቱ ያየ ልጅ፣ በ20 ዓመቱ «ይህ ስም የእኛ ብቻ ነው» የሚል ጽሑፍ ሲደርሰው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል።

አማርኛ «ባለቤት» በሚለው አንድ ቃል ሦስት ሰው ይጠራል። ንብረት ያለውን፣ የትዳር ጓደኛን፣ በሰዋስው ደግሞ ድርጊቱን የሚፈጽመውን። የወሎ ክርክር የተያዘው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። *በይት ግን ንብረት የሚያደርጋት አልተገኘም፤ ባቢሎንም ሐሙራቢም አለፉ፣ እርሷ ደሴ ፒያሳ ላይ ታፔላ ሆና ቆማለች። ለወሎ የሚያስፈልጋት በሦስተኛው ትርጉም ባለቤት የሆነ ሰው ነው፤ የፈረሰውን የሚሠራ፣ የሚጠፋውን የሚመዘግብ፣ ጎረቤቱን የሚጠብቅ። ያለ ባለቤት ዓረፍተ ነገርም አይቆም፣ ቤትም አይቆም።